ባለ ፈረሱ አንተ ነህ

«ስምህን ጽፌዋለሁ» አለች ሐሴት። «አሁን ማን መሆን እንደምትፈልግ ምረጥ።»

ወልደየስ ወደ ወፍራሙ ሞኒተር ጠጋ አለ። ጥሩር የለበሰ ተዋጊ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ አስማተኛ፣ ቀንዳም የራስ ቁር የደፋ ሽፍታ መሳይ ሰው ተደርድረዋል። ከሥራቸው የእሱ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። ካልጋሪ ከገባ ወዲህ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ጠይቆታል፤ ማን መሆን እንደሚፈልግ የጠየቀው ግን አልነበረም።

«እኔ ራሴን ብሆንስ?»

«አይቻልም ዳድ። ሮል ፕሌይ ነው እኮ። ሌላ ሰው ትሆናለህ፣ እንደ እሱ ታስባለህ።»

አፏን በአማርኛ ብትፈታም፣ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው እዚሁ ፋልከንሪጅ ሰፈር፣ ከእናቷ ጋር ነው። አሁን አስራ አምስት ሆኗታል። አባቷን የምታውቀው በፎቶና በሚቆራረጥ ስልክ ነበር፤ እሱ ከመጣ ገና ወር አልሞላውም። ዛሬ እናቷ መስከረም የቅዳሜ ሺፍት ስለገባች፣ አባትና ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ቀሩ። አንዱ ሳሎን ሲገባ ሌላው እየወጣ፣ የሚያወሩት ጠፍቷቸው ረፋዱን ገፉት። ውጭ በረዶው ይወርዳል። በመጨረሻ «ጌም ትጫወታለህ?» ያለችው እሷ ናት። እምቢ ቢላት ሁለተኛ እንደማትጠይቀው ገባው። ጥሩር የለበሰውን መረጠ።

ብዙም ሳይቆይ የጦር ሜዳ ተከፈተ። በግራ በኩል፣ ከሁሉም ኋላ፣ አንድ ባለ ፈረስ ባንዲራ ይዞ ቆሟል። ከፊቱ መንሽ የያዘ አንድ ገበሬ አለ፤ እግሩ ሥር አርባ የሚል ቁጥር ተጽፏል። በቀኝ በኩል እሳት የሚተፉ ክንፋም ዘንዶዎች ተሰልፈዋል።

«አርባ ማለት ዕድሜው ነው?»

ሐሴት ሳቀች። ስትስቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። «ብዛታቸው ነው። ይሄ አንዱ ፋርመር አርባ ፋርመር ነው። ሁሉም ስክሪኑ ላይ አይገቡማ።»

«እኔስ የትኛው ነኝ?»

«ባለ ፈረሱ! ባለ ፈረሱ አንተ ነህ።»

«ታዲያ ምነው ከኋላ ቆምኩ?»

«ሂሮ አይዋጋም። ኦርደር ነው የሚሰጠው።»

እንዳሳየችው ማውሱን ተጫነና ገበሬውን ወደ ፊት ላከው። አንዱ ዘንዶ ተነሥቶ እሳቱን ለቀቀበት። ቁጥሩ ወርዶ ዘጠኝ ሆነ። ገበሬው ግን ያው ገበሬ ነው፤ መንሹን እንደያዘ፣ አንድ ጸጉሩ ሳይነካ ቆሟል።

ወልደየስ አንዴ ሰውየውን፣ አንዴ ቁጥሩን አየ። ከዘጠኙ አንዱ ይሄ ነው? ወይስ ይሄ ሞቶ ሌላ ሰው በእሱ መልክ ቆሟል? ሰሜን ግንባር የዘመተ ጊዜ በሬዲዮ «ሻምበሉ ጠፋ» ሲባል፣ የጠፋው ማዕረግ ያለው አንድ ሰው ይሁን በዚያው ስም የሚጠራው ሙሉ ጦር መለየት እያቃተው እንዲሁ ይደናገር ነበር።

«ተበላን» አለች ሐሴት። «ሪትሪት እናድርግ።» እጇን ወደ ማውሱ ላከች። «ሂሮው ያመልጣል። ከተማ ገብተህ ሌላ ሠራዊት ትገዛለህ።»

«እነሱስ?»

«እነማን?»

«ዘጠኙ።»

«እነሱ . . . ይቀራሉ።»

«የት ነው የሚቀሩት?»

እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋት የሚያውቅ የለም። «እኔንጃ። ጌሙ አያሳይም።»

እጇን ቀስ አድርጎ ከማውሱ ላይ አነሣው። «ተይው።»

«ካልሄድክ ትሞታለህ እኮ! ባለ ፈረሱ አንተ ነህ።»

«እኔ ከእነዚህ ጋር ነበርኩ» አለ፣ ጣቱን ገበሬው ላይ አሳርፎ። «የእኛው ባለ ፈረስ በጂፕ ነው የሄደው። ከበቡን፤ ጥይት አለቀብን፤ ተማረክን።»

ሐሴት ግንባሯን ቋጠረች። የመጨረሻዋን ቃል በልቧ ስታመላልሳት ቆየች። «ማም እንደሱ ነው የምትለኝ። ‹አባትሽ ተማርኮ ነው የቀረው› ትላለች። ግን . . . ተማርኮ ማለት ስኩል አይደለም? ተማረ?»

«ትምህርት?»

«ትምህርት ይበልጥብሃል ብዬ ነበር። ከኛ።»

ወልደየስ መጀመሪያ ሳቁ መጣ። ወዲያው ግን ተወው። ከተፈታ ወዲህ ስልክ በደወለ ቁጥር ልጅቷ ለምን «አናግሪው» ስትባል እምቢ እንደምትል፣ ኤርፖርት ለምን እጇን ብቻ እንደዘረጋችለት፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያስበው የከረመውን ምክንያት አንድ በአንድ ጥሎ በዚች በአንዲት ቃል መተካት ነበረበት፤ አልቻለም። ከየት ይጀምርላት?

«ተማረከ ማለት . . . ጠላት ያዘው ማለት ነው። አስረውን ነበር።»

«አስረውህ?»

«አዎ።»

«እሺ» አለች፤ ድምፅዋ ግን እሺ አይልም። ዓይኗ እጁ ላይ ነው፣ አንጓው ላይ፣ እዚያ የሆነ ነገር ተጽፎ እንደሆነ የምታጣራ ይመስል።

ወልደየስ ድንገት ጦር ሜዳው ትዝ አለውና ክው ብሎ ወደ ስክሪኑ ዞረ። «ኧረ ጨረሱን! ቶሎ በይ፣ የቱን ልጫን?»

«አይነኩንም።»

«እንዴት አይነኩንም? ይኸው ተሰልፈው!»

«ተራው ያንተ ነው። አንተ ካልነካህ እነሱም አይነኩም።»

«እስከ መቼ?»

«እስከፈለግክ ድረስ።»

አላመናትም። እጁን ከማውሱ ላይ አነሣና ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ማንም አልመጣም። ሐሴት ወንበሯን ጎትታ ጉልበቱን እስክትነካው ተጠጋችው።

«እና ጂፑ ሄደ» አለች። «ከዛስ?»

ዘንዶዎቹ በቆሙበት ክንፋቸውን ያርገበግባሉ። ዘጠኙ ገበሬዎች፣ በአንድ ሰው መልክ፣ ሜዳው መሀል ቆመዋል።