የፊደል ብስኩት

ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ልጄ የሚያወራው ስለ ጎረቤታችን ልጅ ብስኩት ብቻ ሆነ። «እማዬ፣ የሷ እናት እኮ በፊደል ቅርጽ ነው የምትጋግርላት! ሲጣፍጥ!» ይለኛል። እኔ የምቋጥርለት ያንኑ ዳቦ ቆሎ ነው። ቅናት አንጀቴን አሳረረው።

እሁድን ሙሉ ከሊጥ ጋር ስታገል ዋልኩ። «ሀ»ው ድንች፣ «መ»ው መነጽር መሰለ። ቢሆንም ሰኞ ጠዋት ዳቦ ቆሎውን ትቼ ምሳ ዕቃውን በፊደል ሞላሁለት።

ከትምህርት ቤት መልስ ጎረቤቴ ልጇን እየጎተተች በሬን አንኳኳች። የልጅቷ ዓይን በለቅሶ አብጧል።

«እትዬ፣ ምነው ዛሬ ዳቦ ቆሎውን አስቀሩት? ከአምና ጀምሮ የኔን ለልጅዎ እየሰጠች የምትበላው የእርስዎን ነው። ዘንድሮ በፊደል የጋገርኩትም ዳቦ ቆሎዎን ቢያስጥላት ብዬ ነበር።»