ከእግር እስከ መሬት

«በደንብ ያዝ!» ይላል ኃላፊው ከመሰላሉ ወገብ ላይ ሆኖ።

«ይዣለሁ፣ ጌታዬ» ይላል መስመረኛው ከታች። እውነቱን ነው። የመሰላሉን እግሮች በጫማው ደግፎ፣ ቋሚዎቹን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። ቀና ሲል የሚታየው የተወለወለ ጫማና የኃላፊው ሱሪ መቀመጫ ነው። አለቃን ከበላዩ ማየት ብርቁ አይደለም፤ መሰላል ላይ ሲያየው ግን የዛሬው የመጀመሪያው ነው።

ነገሩን ያመጣው ሜትር ነው። ኃላፊው የስልክ መስመር ሠራተኞችን የከፍታ አበል ካስቆመ አራት ወሩ። አበሉ የሚገባው ከአራት ሜትር በላይ ለሚሠራ ነው፣ ከፍታ ደግሞ የሚለካው እጅ ከደረሰበት ሳይሆን እግር ከቆመበት ነው፣ የእናንተ እግር አራት አይሞላም፣ አለ። ሠራተኞቹ ተለክቶ ይታይልን ብለው ሲነዘንዙት ከረሙ። ዛሬ ጠዋት ሜትሩን ይዞ መጣ። መስመረኛው «እኔ ልውጣና ላዩን ልያዝልዎት» ቢለው፣ «አንተማ ትስበዋለህ! እኔ የማምነው የገዛ ዓይኔን ነው» ብሎ ኮቱን አወለቀ፣ የልኬቱን ቅጽና እስክሪብቶውን ሸሚዙ ኪስ ከተተ። የደህንነት ቀበቶ ሲዘረጋለትም «ለዚች?» ብሎ ሳቀ።

አበሉ ከመቆሙ በፊትም የመስመረኛው ኑሮ ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ደሞዙ ኪራይ ከፍሎ፣ ዘይትና ዱቄት ገዝቶ፣ ወሩ ሳይጋመስ ትንፋሽ ያጥረዋል። የልጁን የኮሌጅ ክፍያ የሚሸፍነው አበሉ ነበር። አሁን ልጅቱ ትምህርቷን አቋርጣ የሞባይል ካርድ ከሚሸጥ ሱቅ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች። «ግድ የለም አባዬ፣ ይኸም እኮ ያንተው ሥራ ነው፣ ስልክ ነው» ስትለው አብሯት ሳቀ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። የኮሌጁ ምዝገባ የፊታችን ዓርብ ያበቃል።

ኃላፊው ምሰሶው ላይ የተገጠመው የስልክ ሳጥን ጋ ይደርሳል። ሽቦ የሚሉት ቀጭኑ ባልደረባ የሜትሩን ጫፍ መሬት ላይ በጫማው ረግጦለታል። ለኃላፊው የቀረው፣ ሠራተኛ የሚቆምበት መወጣጫ ላይ ቆሞ፣ ጫማው አጠገብ ያለውን ቁጥር ማንበብ ብቻ ነው። ለማንበብ ደግሞ ወደ ታች ማየት አለበት።

ያያል።

ጉልበት ሲከዳ ከባለቤቱ ቀድሞ መሰላል ያውቃል። መስመረኛው መንቀጥቀጡ በመዳፉ ሲገባ ይሰማዋል።

«ስንት ይላል፣ ጌታዬ?»

«ቆይ... ቆይ አንዴ።»

«ቁጥሩ ራቀዎት እንዴ?» ይላል ሽቦ እየሳቀ። «ለዚች!»

«ዝም በል አንተ!» ይላል ኃላፊው። ቀጥሎ፣ በቀጠነ ድምፅ፣ «አውርዱኝ።»

«ይውረዱ እንጂ፣ ማን ያዘዎት?» ይላል መስመረኛው።

«እግሬ እምቢ አለኝ።»

መስመረኛው ይህችን ቀን ተመኝቷታል። መሰላል የሚይዝ ሰው ጉልበቱን ትንሽ ላላ ቢያደርግ ላዩ አንድ ጣት ያህል እንደሚንሸራተት ያውቃል። ላላ ያደርጋል።

«እናቴ ድረሽ!»

«አይዞዎት፣ ነፋስ ነው» ይላል። ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም። ጣፍጦታል፤ አንዴ ይደግመዋል።

«አራት ሜትር ከሃያ ነው! ከፍታ ነው በቃ! ይከፈላችኋል! አውርደኝ ወንድሜ!»

ወንድሜ። አራት ወር ሙሉ ቢሮው በር ላይ ሲያቆመው «አንተ» ነበር።

«ቃልማ ነፋስ ይወስደዋል» ይላል መስመረኛው፣ ሳይቸኩል። «ቅጹ ደረት ኪስዎ ውስጥ ነው፣ እስክሪብቶውም። ቁጥሩን ጽፈው ይፈርሙበት። ከዚያ እኔው ራሴ ወጥቼ፣ እግርዎን አንድ በአንድ እያስረገጥኩ አወርድዎታለሁ።»

«እንዴት ብዬ ልፈርም? እጄን ልልቀቅ?»

«አንዱን ብቻ ነው፣ ጌታዬ። እኛ ሁለቱንም ለቀን ነው የምንሠራው።»

የሽቦ ሳቅ ይቆማል። «ተው ጋሼ» ይላል ዝቅ ብሎ። «ሰውየው ይወድቃል። ልጆች አሉት።»

«እኔስ?» ይላል መስመረኛው፤ ዓይኑን ከላይ አልነቀለም።

ላይ አንድ ጣት ከመሰላሉ ትላቀቃለች። ቆይታ ሌላዋ። ከዚያ እጁ ድንገት ተነስቶ ደረቱን ይዳብሳል፤ መሰላሉም ወደ አንድ ጎኑ ያዘነብላል። መስመረኛው ደረቱን ይለጥፍበታል፣ ጉልበቱን ያጠብቃል፣ የክንዱ ሥር ይገተራል። ለዚህ ሰው ማታ ማታ ክፉ ሲመኝለት ከርሟል፤ አሁን ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ይዞታል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባል አልጠፋውም። አፉ ግን ቀደመው።

«አምላኬ፣ እስኪፈርም ድረስ ብቻ ያዝልኝ።»

ከላይ የወረቀት መንኮሻኮሽ ይሰማል። የኃላፊው ላብ አንዲት ጠብታ ወርዳ መስመረኛው ግንባር ላይ ታርፋለች፣ በአፍንጫው በኩልም ትወርዳለች። ሁለት እጁ ተይዟልና አይጠርጋትም።