አንድም ያልተከፈተ ራጅ

"የድሮውም አዲሱም ኮምፒውተር ዩኒክስ በሚባለው ሥርዓት ነው የሚሠሩት እህቴ፣ ምን ልዩነት አላቸው?" አለ የሆስፒታሉን ራጆች ወደ አዲሱ ኮምፒውተር የቀዳው ኢንጂነር። የራጅ ክፍል ኃላፊዋን ምላሱ ከእጁ የሚፈጥን ባለሙያ ያንገሸግሻት ነበር።

"አላቸው እንጂ! የቀዳኸው ፎልደር ውስጥ ያሉት ምስሎች ሳይሆኑ፣ ምስሎቹ ወዳሉበት የሚጠቁሙ አቋራጮች ናቸው። የድሮው ኮምፒውተር አቋራጩን ተከትሎ ምስሉን ይቀዳል፤ አዲሱ ግን አቋራጩን ብቻ። መመሪያውን አሁን ነው ያነበብኩት። እስቲ አንዱን ክፈተው!"

እየሳቀ ከፈተ። "ፋይሉ አልተገኘም" የሚል ጽሑፍ መጣ። ሌላም ሞከረ፤ ያው ነው።

"የሕመምተኞች የአሥር ዓመት ራጅ መጫወቻ መሰለህ?" አለች እየተጠየፈችው። "በል፣ ከድሮው ዲስክ እንደገና ቅዳ።"

"ጠዋት ደመሰስኩት እኮ" አለ በቀጭን ድምፅ። "'ቅጂውን ከፍቼ አይቻለሁ፣ የድሮው ይጥፋ' ብለሽ ፈርመሽልኝ የለ?"

ፈርማለች። አንድም ምስል ግን አልከፈተችም ነበር።