መንጠቆ የሌላት የእንጨት ዓሣ

ባስ የሚሉትን ዓሣ ማጥመድ ከሐይቁ ድልድይ ማዶ፣ ሕጉ ሌላ በሆነበት አገር፣ ተፈቅዷል፤ ከድልድዩ ወዲህ፣ ዌንደል ደጅ ላይ፣ ሕጉ እስኪፈቅድ ገና ሦስት ሳምንት ይቀር ነበር። የማዶዎቹ አጥማጆች ሳቅ በተሰማ ቁጥር ዌንደል ጥርሱን እያፋጨ፣ እጄ እንኳ አይስነፍ ብሎ፣ መንጠቆዎቿን የነቀለላትን የእንጨት ዓሣ፣ የዓሣ ማታለያዋን፣ በክር ወደ ውሃው ይወረውራል።

ድንገት ውሃው ተናጠ። ዳር ላይ እንቁላሉን የሚጠብቅ፣ ዌንደል በዕድሜው አይቶት የማያውቅ ግዙፍ ባስ እንጨቷን ነክሶ አልለቅም አለ። ክሩን ቢያላላለትም እንደ ነከሳት እግሩ ሥር ደረሰ።

«ልቀቃት እንጂ፣ አንተ ሰውዬ» አለው ዌንደል።

«ዓሣውን ምን አስጨነቀው» አለች ሚስቱ ማርሊስ ከበረንዳው፤ «ሕጉ የከለከለው አንተን ነው።»

ዌንደል ጎንበስ ብሎ የዓሣውን መንጋጋ በአውራ ጣቱ አላቀቀ። ዓሣው ግን አልሸሸም። እንቁላሎቹ ላይ ተመልሶ፣ በል ድገም እንደሚል ሁሉ፣ ፊቱን ወደ ዌንደል አዙሮ ቆመ።