ፍሬን ያልተሠራላት መኪና

ወንድሟን ሰፈሩ ሁሉ «መነጽር» ይለዋል። ዐይኑ ታሞ አይደለም፤ ያ ግማሽ ፊት የሚሸፍን የምናባዊ ዓለም መሣሪያ ከፊቱ ስለማይወርድ ነው። ለአንድ የሶፋ ነጋዴ፣ ደንበኛው ሳይገዛ በፊት ሶፋውን በስልኩ ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጦ የሚያይበትን ነገር ሠርቷል። ለአንድ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ደግሞ፣ ተማሪው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ከተማውን የሚዞርበት ሙሉ ጎዳና ሠርቷል። ራሱ መንጃ ፈቃድ የለውም። ጓደኞቹ «ውሃ ሳይነካ ዋና የሚያስተምር» እያሉ ይስቁበት ነበር።

አባታቸው ከተከሰሰ ወዲህ ግን የሚስቅ የለም።

ነገሩ የሆነው ሲመሻሽ ነው። አባታቸው አናጢ ነው። ከልጁ ከመነጽር ጋር ከእንጨት መጋዘን ሲመለሱ፣ በፋብሪካው ረጅም አጥር በኩል፣ ከቆመ የጭነት መኪና ኋላ ድንገት የወጣ ሰው ገጩ። ሰውየው ወደ ሥራው የሚሄድ የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። የትራፊክ ፖሊሶቹ ሲመጡ አባታቸው ከመኪናው አጠገብ ቆሞ «እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ስለዚያች ምሽት ለፖሊስም ለጠበቃም ሌላ ቃል አልተነፈሰም።

እሷ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። አባቷ በዋስ እንደተለቀቀ የመኪናው ቀበቶ ቀኝ ትከሻውን ልጦት ስላየች፣ ቅባት እያመጣች ማታ ማታ ታሸው ጀመር። እያሸችው ግን ትናደድበታለች። ዐይንህ ደክሟል፣ ሲመሽ አትንዳ ብላ ስንት ጊዜ ለምናው ነበር። የዐይን ሐኪሙም ይህንኑ ነግሮት ነበር። እሱ ግን እስከ ዛሬ የማውቀው መንገድ ነው እያለ ይስቅባት ነበር።

አንድ ቀን እራት ላይ አልቻለችም።

«አባዬ፣ ሐኪሙን ብትሰማው ኖሮ ያ ሰው ዛሬ ከልጆቹ ጋር ነበር» አለችው።

ቀና ብሎ ሳያያት «ልክ ነሽ» አላት።

ወንድሟ ማንኪያውን አስቀምጦ ወጣ። ለአባቱ አዝኖ ነው ብላ አሰበች። እሷም ወዲያው ተጸጸተች፤ የወጣ ቃል ግን በምን ይመለሳል።

ጠበቃው ነገሩን አቅልሎ አልነገራቸውም። ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው ሾፌሩ ማቆም ይችል ነበር ወይ የሚለውን ነው። ይችል ነበር ከተባለ፣ አባታቸው ቀሪ ዕድሜውን እስር ቤት ሊጨርስ ነው። መነጽር ይህን ሲሰማ ለማሠልጠኛው የሠራውን ጎዳና አፍርሶ የዚያችን ምሽት መንገድ መሥራት ጀመረ። ሄዶ አጥሩን ለካ፤ አስፋልቱን ፎቶ አነሳ። እህል ውሃ አላሰኘው አለ። ከሳ። እሷ ሳህን በሩ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ሳህኑ እንደተሞላ ነው።

ሲያልቅ መሣሪያውን መጀመሪያ ያጠለቀው ለእሷ ነው። መሪው ከፊቷ፣ አጥሩ በስተቀኝ፣ ሰማዩ ገና ጠቁሮ ያላለቀ። የግንቡ ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። ሰውየው ከጭነት መኪናው ኋላ ብቅ አለ፤ እጁ ላይ የምሳ ዕቃ ይዟል። እግሯን በሙሉ ኃይሏ ወለሉ ላይ ረገጠች። መኪናዋ ግን አልቆመችም።

«ፍሬኑ የታለ?»

«አልሠራሁለትም» አላት ወንድሟ። «የሆነው ብቻ ነው ያለው።»

እንደገና አስጀመረችው። እንደገና ረገጠች። ሰውየው እንደገና የምሳ ዕቃውን ይዞ መጣ። ተረከዟ እስኪያማት ሞከረችና መሣሪያውን አውልቃ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ አንድ ነገር አሰበች።

«እንዲህ ጥርት ብሎ ለአባዬ አይታየውም እኮ። ትንሽ አደብዝዘው» አለችው።

«አላደበዝዝም። እንደታየው ነው የሠራሁት።»

ግትርነቱ የአባቱ ነው ብላ ተወችው።

ጠበቃው አይቶ ተደሰተ። ማንም ይሁን ማን ሊያቆም እንደማይችል ያሳያል አለ። የቀረው አባታቸው አይቶ «ልክ ነው» እንዲል ብቻ ነበር። አባታቸው ግን በጄ አላለም። ጠበቃው ለመነው፣ እሷ ለመነችው፤ አንዴ ያየሁት ይበቃኛል አለ። መነጽር ብቻ አልለመነም። መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ አባቱ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ቀና ብሎ ያየዋል። እሷ በልቧ አባቷን ፈሪ አለችው። ያደረገውን ማየት እንኳ አቃተው አለች።

ችሎቱ ነገ ሊሆን ዛሬ፣ ከምሳ በኋላ፣ አባቷ ለቀጠሮው የሚለብሰውን ኮት ከላውንድሪ እንድታመጣለት ላካት። መንገድ ላይ ደረሰኙን እንዳልያዘች ትዝ አላትና ተመለሰች። በሩ ገርበብ ብሏል።

አባቷ መሣሪያውን አጥልቆ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ረጃጅም እግሮቹን መዘርጊያ አጥቶ አጣጥፏቸዋል። ወንድሟ ከእግሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። ሁለቱም አላዩዋትም። የአባቷ ሰውነት ድንገት ተወጠረ፤ ግራ እጁ ወደ ጎን ተወርውሮ አየሩን ጨበጠ። ከዚያ ትከሻው ወረደ። የሆነው ሆኗል።

ያ ሁሉ ቁጣዋ የት እንደገባ አላወቀችም። ገብታ እግሩ ላይ ወድቃ ይቅርታ ልትለው አንድ እርምጃ ተራመደች።

አባቷ መሣሪያውን አላወለቀም። በዳበሳ የልጁን ራስ ፈልጎ አገኘና ጸጉሩን ይደባብሰው ጀመር።

«ለካ መሪውን ይዘህ ያየኸው ይሄን ኖሯል፣ ልጄ» አለው።