የኋላ ክፍል መስኮት

የሺመቤት ልብስ የምትሰፋበት የኋላ ክፍል መስኮት የለውም። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ በመርፌው ክር የምታስገባላት ልጇ ማህደር ናት። መስኮት ላውጣ ብላ ለቀበሌው ስታመለክት ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። አባቶች ያቆሙትን ሕያው ብቻውን አያፍርስ ተብሎ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ የሞተ ሰውም በቤቱ ጉዳይ በሕይወት ሳለ የተናገረው ቃል እንደ ድምፅ ይቆጠራል።

ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። "እትዬ፣ ባልዎ፣ አባታቸውና እናታቸው በሕይወት ሳሉ 'በጎረቤት በኩል መስኮት አይወጣም' ብለዋል። እነሱ ሦስት ናቸው፣ እናንተ ሁለት።"

"ከጎረቤቱ ተጣልተው እኮ ነው። እሱም ከሞተ ስንት ዘመኑ።"

"አውቃለሁ" አለ ጸሐፊው አንገቱን ደፍቶ። "አይዞዎት፣ የእርስዎም ቃል ሲያርፉ አይጠፋም።"

ማህደር የእናቷን ክንድ ደግፋ ወደ ቤት ስትወስዳት ቀስ ብላ፣ "እማዬ፣ አንድ ቀን ቤቱን ሸጬ ልሂድ ብልስ?" አለቻት።

"የአባት ቤት ይሸጣል እንዴ?"

የሺመቤት ሳታስበው ነው ከአፏ ያመለጣት። አነጋገሩ ቁርጥ የሟች አማቷ ነበር።

ማህደር የያዘችውን ክንድ ለቀቀችው።