ሰው የማያውቅ ማሽን

ልጅቷ የበጎ አድራጎት ማኅበሩን በር ገፋ አድርጋ፣ አንገቷን እንደደፋች "ለሥራው ነው የመጣሁት፣ አባ" አለች።

"ሥራስ እግዜር ያመጣዋል፤ እስከዚያ ይቺን ያዢ" አሉና እርዳታ የሚያድሉት አባ ዘወንጌል አንድ ጄሪካን ዘይት አስታቀፏት፤ ከተረጂዎችም ጋር አስመዘገቧት። እሷም አዲሱን ሲስተም ልትሠራ የተቀጠረችው ባለሙያ መሆኗን ለመናገር አፍራ ተቀበለች። በማግስቱ ማንነቷ ሲታወቅም ስሟን የሰረዘ አልነበረም።

ሲስተሙ ደመወዝ እያላቸው እርዳታ የሚወስዱትን ለይቶ የሚያወጣ ነበር። የማኅበሩ ኮሚቴ ካልወደደው ሥራዋ ያበቃል። በሙከራው ቀን ኮሚቴው ፊት ቁልፉን ስትጫን አንድ ስም ብቻ ቀልቶ ወጣ፤ የራሷ።

አባ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት።

"ይቺን ምስኪን? በገዛ እጄ የሰጠኋትን? ይሄ ማሽንማ ሰው አያውቅም።"

ኮሚቴው ሲስተሙን ውድቅ አደረገው። ልጅቷም ሥራ ስለፈታች ሁለተኛ ጄሪካን ተጨመረላት።